ያለ ጥፋት የተጠሩ ወላጆች

በአገራችን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ትእዛዝ አለች። «ነገ ወላጅ ይዘህ ና!» ይህችን የሰማ ልጅ ማታ እራት አይወርድለትም። የሰፈር ጎረምሳ ለምኖ «ወንድሙ ነኝ» የሚያስብልም ነበር። እናት ከሰማች ደግሞ ጥፋቱን እንኳ ሳታውቅ ይቅርታ እየጠየቀች ነው የምትደርሰው። ብዙ ቤተሰብ ትምህርት ቤትን የሚያውቀው በዚህ በኩል ነው። ከተጠራ ወይ ልጁ አጥፍቷል፣ ወይ መዋጮ አለ።

የምጽፈው ስለ አንድ ዓመት አቀባበል ነው። ዓመቱ 2012 ነው። ቦታው አዲስ አበባ፣ አንድ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት። እኔ የአንደኛ ክፍል መምህርት ነበርኩ። ያኔ በታችኞቹ ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ያስተምር ነበር፤ ሰልፍ ኮንቴይንድ እንለዋለን። ስለዚህ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር ናቸው። የቤተሰቦቻቸውም ነገር የሚመለከተው እኔን ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። መጀመሪያ የተሳሳትነው እኛ መምህራኑ ነን፤ ብዙዎቹ ባልደረቦቼም ዛሬም እዚያው ያስተምራሉ።

በሩ ላይ የቆሙት እማማ

ነሐሴ መጨረሻ ነው። ምዝገባ ላይ ነን። ዝናቡ ገና አልለቀቀም፣ ግቢው ጭቃ ነው። ሰልፉ ከጽሕፈት ቤቱ በረንዳ ተነስቶ እስከ ዋናው በር ደርሷል። አንዲት አሮጊት እናት የአንዲት ትንሽ ልጅ እጅ ይዘው፣ ከሰልፉ ወጣ ብለው የጥበቃው ቤት ጥግ ቆመዋል። ጠዋት ሳልፍ አየኋቸው። ለሻይ ስወጣም እዚያው ናቸው። ስድስት ሰዓት ላይ ሰልፉ ሲያልቅም አልገቡም።

ቀረብ ብዬ «እማማ፣ ለምዝገባ ነው?» አልኳቸው።

«አዎ የኔ ልጅ። ግን ወላጅ ብቻ ነው የሚገባው አሉኝ።»

ማንም አልከለከላቸውም። በሩ ላይ የለጠፍነው ማስታወቂያ «ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር በመቅረብ እንዲመዘገቡ» ይላል። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። አጠገባቸው የነበረ ሰው ነው ያነበበላቸው። የልጅቷ እናት ቤይሩት ናት። የሰው ቤት ልትሠራ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል። አባቷ በአካባቢው የለም። ልጅቷን አዝለው፣ አጥበው፣ መግበው እዚህ ያደረሷት አያቷ ናቸው። ነገር ግን ወላጅ ማለት የወለደ ማለት ነው። ቃሉን እንዳለ ተረዱትና ከዝናቡ ጋር ቆሙ።

ይሄ ነገር ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። «ወላጅ ወይም አሳዳጊ» ብለን ብንጽፍስ ብዬ አሰብኩ። እሱም ይጎረብጣል። በኛ ቋንቋ «አሳዳጊ የበደለው» የሚባል ስድብ አለ። አሳዳጊ ሲባል የብዙ ሰው ጆሮ ላይ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው። በሰፈራችን ደግሞ ልጅ የሚያሳድገው ሰው ብዙ ዓይነት ነው። አያት አለች። አክስት አለች። ታላቅ እህት፣ የእንጀራ እናት፣ አንዳንዴ ጎረቤት። እናቱ አረብ አገር የሆነች ልጅ የሌለበት ክፍል አስተምሬ አላውቅም። የእኛ ቅጽ ግን ሁለት ባዶ ቦታ ብቻ ነበረው፤ የአባት ስም፣ የእናት ስም።

ቅጹ የልደት የምስክር ወረቀትም ይጠይቃል። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። በ2012 አንደኛ ክፍል የሚገባ የሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ የተወለደው በ2005 ገደማ ነው። ምዝገባው ሲጀመር ልጁ እየሮጠ ነበር። ስለዚህ ብዙው ቤተሰብ ወረቀቱ የለውም። የክትባት ካርድ የሚያመጣ አለ። የክርስትና ካርድ የሚያመጣ አለ። ምንም ያልያዘው «ነገ ተመለሱ» ይባላል። በቀን ሥራ ለሚያድር ሰው አንድ መመላለስ የአንድ ቀን እንጀራ ነው። እማማ የክትባት ካርዱ ነበራቸው። በፌስታል ጠቅልለው መቀነታቸው ውስጥ ሸጉጠውታል። ይዣቸው ገባሁና ልጅቷ ተመዘገበች።

ዩኒፎርሙ የመጣበት ዓመት

2012 ለአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልዩ ዓመት ነበር። የከተማው አስተዳደር፣ ኢንጂነር ታከለ ኡማ ምክትል ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ፣ ወደ 600,000 ለሚሆኑ ተማሪዎች ዩኒፎርምና የትምህርት ቁሳቁስ በነፃ ማደል ጀመረ። ወደ 300,000 የሚሆኑት ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲመገቡ ተወሰነ። ከዚያ በፊት ጥቂት ልጆችን በጎ አድራጊዎች ይመግቡ ነበር። መምህራንም ከኪሳችን እያዋጣን ዳቦ እንገዛ ነበር።

በወረቀት ደረጃ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል ነፃ ነበር። እናት ስታሰላ ግን የክፍያውን ብቻ አይደለም። ዩኒፎርም አለ። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ጫማ፣ ቦርሳ አለ። ይሄ ሁሉ የሚመጣው በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው፤ ዶሮና ቅቤ እሳት በሚሆንበት ሰዓት። ሁለት ልጅ ያደረሰች እናት አንዱን አስመዝግባ ሌላውን ለከርሞ ስታቆይ አይቻለሁ። ባዶ ምሳ ዕቃ ይዞ የሚመጣ ተማሪም ነበረኝ። ጓደኞቹ ሲበሉ ዕቃውን ከፈት አድርጎ፣ የበላ መስሎ፣ መልሶ ይዘጋዋል።

ስለዚህ ዜናውን ስንሰማ አንዳንዶቻችን አልቅሰናል። ከምሬ ነው። ደስታው ግን አንድ ነገር አስረሳን። ዩኒፎርሙ ነፃ፣ ቁርሱ ነፃ፣ ቤተሰቡ ዘንድሮ ራሱ ይጎርፋል አልን። ስለ አጠራራችን ማንም አላሰበም።

ባዶ ወንበሮች

ወላጆችን የጠራነው ሐሙስ፣ መስከረም 15፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ደብዳቤ ጻፍን። «ጉዳዩ፦ ስብሰባን ይመለከታል» ይላል። «በሰዓቱ እንዲገኙ በጥብቅ እናሳስባለን» ይላል። ማኅተም አለበት። እያንዳንዱ ልጅ ደብተሩ ውስጥ አጥፎ ወሰደው።

አዳራሹን ወንበር ሞላነው። ሰው ግን ግማሹን እንኳ አልሞላውም። ከሁሉም ያነሱት የአንደኛ ክፍል ቤተሰቦች ነበሩ። የመጡትም ከኋላ ከኋላ ተቀመጡ። ርዕሰ መምህሩ ስለ ትምህርት ጥራት ተናገሩ። ዩኒት መሪው ስለ ደንቡ፣ ስለ ማርፈድ፣ ስለ ፀጉር አቆራረጥ አስረዱ። የወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት (ወተመህ) ሰብሳቢ አጥር ማደሻ መዋጮ አነሱ። ሁለት ሰዓት ያህል ሄደ። «ጥያቄ ያለው?» ተባለ። ዝም። በመጨረሻ አንድ አባት ከኋላ ተነሱ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የኔ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው?»

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጥፋቱ እስኪነገራቸው ነበር የጠበቁት።

ከሰዓት በኋላ በመምህራን ማረፊያ «ወላጅ ለልጁ ግድ የለውም» እየተባባልን ሻይ ጠጣን። እኔም ብያለሁ። ያን ቀን የተናገርኩትን ዛሬም ሳስታውሰው ይቆረቁረኛል። ምክንያቱም በማግስቱ፣ ልጆች ሲወጡ በሩ ላይ ቆሜ አንድ በአንድ መጠየቅ ስጀምር፣ ግድ የሌለው ሰው ማግኘት አቃተኝ።

ለምን አልመጡም?

ሁለት ሳምንት ገደማ ጠየቅኩ። አንዲት ባልደረባዬም አብራኝ ቆመች። ወረቀትና እስክሪብቶ አልያዝንም፤ ሰው ወረቀት ሲያይ ይጠነቀቃል።

የቀኑ ምርጫ ራሱ ስህተት ነበር። መስከረም 15 ማለት የደመራ ዋዜማ ነው። ከሰፈራችን ነጋዴና ሊስትሮ ብዙው ጉራጌ ነው። ለመስቀል አገር ቤት ያልገባ ጉራጌ ደግሞ ምን ሆነ ተብሎ ይጠየቃል። አባቶቹ ቀድመው ተሳፍረዋል። እኛ እዚሁ ከተማ እየኖርን፣ ደመራውን እያየን፣ ይሄን አላሰብነውም።

ሰዓቱም እንደዚያው። ሦስት ሰዓት የጉሊት እናት አትክልቷን የምትዘረጋበት ነው። የቀን ሠራተኛው ሥራ ላይ ነው። ታክሲ ላይ የሚሠራው ረዳት ከንጋት ጀምሮ መንገድ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት መምጣት የሚችለው ወይ የቢሮ ሠራተኛ ነው፣ ወይ ሥራ የፈታ ሰው። የቢሮ ሠራተኛው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የግል ትምህርት ቤት ነው ያለው።

ደብዳቤው ደግሞ ከሁሉ ባሰ። አንዲት እናት አራተኛ ክፍል የሚማር ልጇ እንዳነበበላት ነገረችኝ። «በጥብቅ እናሳስባለን» የሚለውን ሲያነብላት ደነገጠች። ዩኒፎርሙን ሊያስመልሱን ነው ብላ አሰበች። ሌላዋ «ሰጥተውን ሲያበቁ ገንዘቡን ሊጠይቁን ነው» ብላ ቀረች። ለነገሩ አልተሳሳተችም። የዩኒፎርሙን ባንጠይቅም፣ የአጥሩን ጠይቀናል።

አንድ አባት ከጋሞ ከመጡ ብዙ አልቆዩም። አማርኛቸው ለሥራ ይበቃል። ስብሰባ ላይ ለመናገር ግን ያፍራሉ። «ሰው ይስቃል» አሉኝ። ያን አባት ሰዉ እንዴት እንደሳቀባቸው ትዝ አለኝና መልስ አጣሁ።

አንዲት ወጣት እናት ደግሞ ምክንያቷን ለመናገር ሦስት ቀን ፈጀባት። መጀመሪያ «ሥራ ነበረኝ» አለች። ቀጥሎ «አሞኝ ነው»። በሦስተኛው ቀን ልጇ ራቅ ስትል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አለች። «ቲቸር፣ እኔ ሁለተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። አስተማሪዬ በጣም ይመታኝ ነበር። እስካሁን የትምህርት ቤት ደወል ስሰማ ሆዴ ይላወሳል።» ልጇን ግን አንድም ቀን አስቀርታ አታውቅም። በየቀኑ እስከ በሩ ድረስ ታመጣታለች። በሩ ላይ ትስማትና ትመለሳለች። እኔ ይህችን ሴት ከመስከረም መጀመሪያ ጀምሮ ስታልፍ አያታለሁ። «ለምን አትገባም?» ብዬ ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

እማማንም ጠየቅኳቸው። «ስብሰባው ላይ አላየሁዎትም» ስላቸው ቆጣ አሉ።

«ወላጅ ነዋ የሚለው! ራስሽ ሰማሽኝ አይደል?»

ፊታችሁን የሚያጥባችሁ ሰው

ለርዕሰ መምህሩ ነገርናቸው። ሁለት የአንደኛ ክፍል መምህራንና ከወተመህ አባላት እንጀራ በመሸጥ የምትተዳደር አንዲት እናት ሆነን ነው የገባነው። እሷ ናት ከሁላችንም በተሻለ የተናገረችው። «እኔ የህብረቱ አባል ሆኜ እንኳ ይሄ ቢሮ ስገባ እጄ ያልበኛል» አለች። ርዕሰ መምህሩ ትንሽ አመነቱ። ያለ ቃለ ጉባኤ እንዴት ይሆናል፣ ለሌላው ክፍልስ ምን እንላለን አሉ። በመጨረሻ ለአንደኛ ክፍል ብቻ ፈቀዱ።

ቀኑን እሁድ አደረግነው፤ ጥቅምት 2፣ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት። ከቅዳሴ በኋላ ነው። መስቀል ሄደው የነበሩት ተመልሰዋል። ኢሬቻም አልፏል። የሰፈሩ እድር የሚሰበሰብበትን እሁድ ጠይቀን ተጠነቀቅን። ይሄኛው ምክር የእንጀራ ሻጯ ናት፤ እኛ ብንሆን አናስበውም ነበር።

ደብዳቤውን ተውነው። ልጆቹ ራሳቸው መልእክተኛ ሆኑ። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ልክ ሀሁን እንደሚያጠኑት፣ በአንድ ድምፅ አስጠናናቸው። «እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ክፍሌን ኑና እዩ። ማንም አላጠፋም። ገንዘብ አይከፈልም።» የሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ የተሰጠውን መልእክት ሲያደርስ አንድ ጊዜ ብሎ አይበቃውም። ሰኞ ላይ አንዱ አባት «ቲቸር፣ ሌሊት በእንቅልፉም ይለዋል» ብለው ስቀውልኛል።

ማን ይምጣ የሚለው ግን አስቸገረን። «ወላጅ» አንልም። «አሳዳጊ» አንልም። ባልደረባዬ «እናታችሁ ወይ አባታችሁ ወይ አያታችሁ ወይ...» እያለች ስትዘረዝር አንድ ልጅ ጣቱን አወጣ። «እኔ ከማናቸውም ጋር አይደለሁም» አለ። ክፍሉ ፀጥ አለ። ከዚያ ባልደረባዬ እንዲህ አለች። «ጠዋት ፊታችሁን የሚያጥባችሁ ሰው ይምጣ።» ልጁ ወዲያው ፊቱ በራ። «እትዬ ናት!» አለ። እትዬ ማለት የእናቱ የቀድሞ አከራይ ናቸው። እናቱ ስትሞት በዚያው ቤት ነው የቀረው። በመዝገባችን ላይ የእሳቸው ስም የትም አልነበረም።

እሁድ ዝናብ አልነበረም። አዳራሹን አልከፈትንም። የመማሪያ ክፍሉን ጠረግን፣ በየዴስኩ ላይ የልጁን ስም በትልቁ ጽፈን አስቀመጥን። ማንበብ የማይችል ሰው እንዳይቸገር ልጁ ራሱ እጁን ይዞ ወደ ቦታው ይወስደዋል። ምግብ የሚያበስሉልን መጋቢ እናቶች ከቤታቸው ጀበናና ስኒ አምጥተው ቡና አፈሉ። ፈንዲሻው ከእንጀራ ሻጯ ቤት ነው የመጣው። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ክፍሉ ሞላ። ዴስክ ጠቦ ልጆቹ ጭን ላይ ተቀመጡ። አንዷ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናትን እህቷን ይዛ መጣች። ፊቷን የምታጥባት እሷ ናታ! ያቺ ታላቅ እህት እንደ ሌላው ሁሉ ቡናዋን ተቀብላ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ አዳመጠች።

እኔ የተናገርኩት ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ቁርስ ትምህርት ቤት ስለሚበሉ ቀደም ብለው ይምጡ አልኩ። ልጁ ሲታመም እንዴት እንደሚያሳውቁኝ ነገርኩ። ስልኬን ሰጠሁ። ከዚያ አንድ አባት፣ እኚያ ባርኔጣቸውን የያዙት፣ እጃቸውን አወጡ። «እኔ አልተማርኩም። ደብተሩን ባየው ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ምን ልርዳው?» አሉ። ማንም አልሳቀም።

«ማታ ደብተሩን ይክፈትና ይንገርዎት። እርስዎ ዝም ብለው ይስሙት። ሲጨርስ፣ ይሄኛው ፊደል ምን ይባላል ብለው ይጠይቁት» አልኳቸው። በዚያው ልጃቸው ብድግ ብሎ ደብተሩን ከፈተና «ይሄ ለ ነው፣ ይሄ ሉ ነው» እያለ ማሳየት ጀመረ። ከዚያ ሌላውም ተከተለ። ክፍሉ በሙሉ ለ ሉ ሊ ሆነ። ስብሰባ የሚባል ነገር በዚያው አበቃ፤ እኔም አላቋረጥኳቸውም።

የዚያን ቀን ከሁሉ በላይ የተማርኩት ግን ሌላ ነው። በየዴስኩ እየዞርኩ አንድ ጥያቄ እጠይቅ ነበር። «እቤት ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?» አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ስም ስጠራ «አቤት» አይልም። ደጋግሜ ጠርቼው ዞር የማይልበት ጊዜ አለ። ጆሮው ይከብደዋል ብዬ ከፊት አስቀምጬዋለሁ። ሐኪም እንዲያየው ልጠይቅም አስቤ ነበር። እናቱ ሳቅ ብላ «ውይ ቲቸር! እሱ እኮ አቡሽ ነው። የመዝገብ ስሙን የሰማው እዚህ ሲመጣ ነው» አለችኝ። ሰኞ ጠዋት «አቡሽ» ብዬ ጠራሁት። ጥርሱ እስኪታይ ሳቀና «አቤት!» አለ። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ስም አንድ ላይ እየጠራሁ የመዝገቡን ስም አለማመድኩት። ማሙሽ፣ ሚጡ፣ ኩኩ፣ ባቢ፤ የልጆቹን የቤት ስም በሙሉ በዚያች እሁድ ጻፍኩ። አንድ ልጅ በትምህርት ቤት የመጀመሪያ ወሩን በማያውቀው ስም ሲጠራ መዋል ምን ያህል ብቸኝነት እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር።

ያልተሳካውም አለ። አባቶች ጥቂት ነበሩ። ከዘመድ ቤት እየሠራች የምትማር አንዲት ልጅ ነበረችኝ፤ ማንም አልመጣላትም። መልእክቱን አድርሳለች። የምታድርበት ቤት ድረስ ሄጄ አንኳኩቻለሁ። «ሥራ ይበዛብናል» ተብዬ ተመለስኩ። ለእሷ ከዚያ በላይ ማድረግ ነበረብኝ ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ዩኒፎርሙም አስቸገረን። ልኬቱን በችኮላ የወሰድነው እኛው ስለሆንን ለትንንሾቹ ሰፋ። እጅጌው ጣታቸውን ይሸፍናል፣ ሱሪው ይጎተታል። ግን ከእሁዱ በኋላ እናቶቹ እርስ በርስ ተዋውቀዋል። አንዷ ሲንጀር አላት። በሳምንት ውስጥ የብዙውን ልጅ ሱሪ አሳጠረችው።

መጋቢ እናቶቹንም ሳላነሳ አላልፍም። ምገባው ሲጀመር ለማብሰሉ የተቀጠሩት የራሳቸው የተማሪዎቹ እናቶች ናቸው። እነሱ ማን እንደበላ፣ ማን ዳቦውን ለታናሹ ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ያውቃሉ። ከዚያ እሁድ በኋላ አንድ ልጅ ሲቀር መጀመሪያ የምጠይቀው እነሱን ሆነ። ያቺ ደወል የሚያስፈራት ወጣት እናትም መጀመሪያ የገባችው በእነሱ በኩል ነው። አንድ ቀን ጠዋት ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ስትልጥ አገኘኋት። አንዷ መጋቢ አሟት ቀርታ፣ እሷ ልተካ ብላ ነው። ደወሉ ሲደወል አየኋት። መላጧን አላቆመችም።

መጋቢት

በዚያች እሁድ የእያንዳንዱን ቤት ስልክ አንድ ደብተር ላይ ጽፌ ነበር። ስልክ የሌለው የጎረቤቱን አስጻፈ። እማማ የሰፈራቸውን የባለሱቁን ቁጥር ሰጡኝ።

መጋቢት 7፣ 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘጉ። ሁለት ሳምንት ነው ተባለ። ከዚያ ዓመቱ በዚያው አለቀ። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተጀመረ። ፊደል ገና ለጨበጠ የሰባት ዓመት ልጅ ግን ሬዲዮ ምን ያደርግለታል? በእጄ የቀረችኝ ያቺ ደብተር ብቻ ነበረች። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቤት እደውል ነበር። ካርዱን ባልደረባዬና እኔ ተካፍለን እንሞላለን። «ማታ ደብተሩን ይክፈትና ያሳይዎት» የሚለው ምክር አሁን ሙሉ ትምህርት ቤት ሆነ። ባለ ባርኔጣው አባት አንድ ቀን ራሳቸው ደወሉልኝ። ልጃቸው ፊደሉን ጨርሷል፤ ቀጥሎ ምን ልጠይቀው ነው የሚሉኝ። በጀርባ በኩል ልጁ የሱቅ ማስታወቂያ እያነበበ ሲጮህ ይሰማኛል።

እማማን ለማግኘት ባለሱቁ ልጅ ይልካል፣ እሳቸው እስኪመጡ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ የደወልኩ ቀን ሱቁ ውስጥ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ስልኩን አነሱ። ከሌሎቹ አንዳንዶቹ ያኔም «ምን አጠፋ?» ብለውኝ ነበር። እሳቸው ግን «አለሽልኝ የኔ ልጅ? አልታመምሽም?» ነው ያሉኝ። ስለ ቤይሩቷ እናትም ነገሩኝ። አሠሪዎቿ ደመወዟን መክፈል አቁመዋል። ሐምሌ ላይ ስደውል ድምፃቸው ተለውጦ ነበር፤ ብዙ አላወራንም። ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ ያ የቤይሩት ወደብ ፍንዳታ በተሰማ በማግስቱ ደወልኩ። ልጃቸው ተርፋለች። ስልኩን ለልጅቷ ሰጧትና እሷ ለ ሉ ሊ አለችልኝ።

የዚያ ዓመት ልጆች ከስምንተኛና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር ያለ ፈተና ተዛወሩ። የእኔም ወደ ሁለተኛ ክፍል አለፉ። ለ2013 ምዝገባ ሲጀመር በሩ ላይ የእጅ መታጠቢያ ቆሟል፣ ሁሉም ማስክ አድርጓል፣ ሰልፉ ተራርቆ ነው የሚቆመው። ቅጹ ላይ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ «ልጁን የሚያሳድገው ሰው ስም» ይላል። ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ናቸው ያስጨመሩት።

እማማ የመጡ ቀን በረንዳው ላይ ነበርኩ። ጥበቃውን በእጃቸው ሰላም ብለው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ሰልፋቸውን ይዘው ቆሙ። ተራቸው ሲደርስ አዲሷ መዝጋቢ ቀና ሳትል «የልጅቷ ምኗ ነዎት?» አለቻቸው።

«ፊቷን የማጥባት እኔ ነኝ» አሉ፣ የክትባት ካርዱን ከመቀነታቸው እየፈቱ።